ደብዳቤውን ያላደረሰው ዋና ዳኛ

በሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያለፈ ሁሉ የማርበሪንና የማዲሰንን ክርክር ያውቃል። እኔም በተማሪነቴ አጥንቼው፣ ተፈትኜበት፣ ጥሩ ውጤትም አግኝቼበት አልፌያለሁ። ደብተሬ ላይ የቀረው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ፍርድ ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭን ሕግ ዋጋ ሊያሳጣ ይችላል የሚል። ይህን የጻፈው ሰው ማን እንደነበር፣ ያን ዕለት ምን ያስፈራው እንደነበር አልጠየቅኩም። የጆን ማርሻልን የሕይወት ታሪክ ያነበብኩት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ንጹሕ የሕግ ሳይንስ የመሰለኝ ነገር ከአንድ የምርጫ ሽንፈት ማግስት ጭቅጭቅ የተወለደ መሆኑን አየሁ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርሻል በመስከረም 1755 በቨርጂኒያ ገጠር ተወለደ። ወላጆቹ ካፈሯቸው 15 ልጆች የበኩሩ እሱ ነበር። በነጻነቱ ጦርነት ዘምቶ በቫሊ ፎርጅ ያን ዝነኛ የብርድና የረሃብ ወራት ከጓዶቹ ጋር አሳልፏል። ሕግ የተማረው በ1780 ሲሆን፣ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ የጆርጅ ዊትን ትምህርት የተከታተለው ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ ነው። ለዓመታት በፈተና ለተንገላታን ለእኛ ነገሩ ትንሽ ያስቀናል። ከዚያ ጥብቅና፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት አባልነት፣ በፈረንሳይ የመልእክተኝነት ሥራ፣ የኮንግረስ ወንበር፤ በ1800 ደግሞ በፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር።

በዚያው ዓመት ምርጫ የአዳምስ ፓርቲ፣ ፌዴራሊስቶቹ፣ ፕሬዚዳንትነቱንም ኮንግረሱንም ተነጠቁ። አሸናፊው ቶማስ ጀፈርሰን የማርሻል የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን አልተዋደዱም። ሥልጣን የሚረከበው መጋቢት 4 ቀን 1801 ስለነበር ተሸናፊዎቹ ጥቂት ወራት ቀርተዋቸዋል። ባላቸው ጊዜ ሊይዙት የሚችሉት ምሽግ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ።

የዋና ዳኛው ወንበር በመልቀቂያ ተከፍቶ ነበር። አዳምስ መጀመሪያ ያጨው ጆን ጄይ ሹመቱን አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱ ፍርድ ቤቱ ክብደትም ክብርም የለውም የሚል ነበር። ስለዚህ ሹመቱ ለማርሻል ደረሰ። በየካቲት 1801 ቃለ መሐላ ፈጸመ፤ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነቱ ግን አልወረደም። አንድ ወር ያህል በአንድ እጁ የአስፈጻሚውን ማኅተም፣ በሌላው የዳኝነቱን መዶሻ ይዞ ቆየ። በዚያው ሰሞን ተሰናባቹ ኮንግረስ 16 አዳዲስ የፌዴራል ዳኝነት ቦታዎችን ፈጠረ፤ ለዋና ከተማይቱም 42 የአጥቢያ ዳኞች ተሾሙ። አዳምስ ፈረመ፣ ማርሻል ማኅተሙን አሳረፈ። የሹመት ደብዳቤዎቹን ከማድረስ ሥራ የተወሰነው ለወንድሙ ለጄምስ ተሰጥቶ ነበር። ሁሉም ግን አልደረሱም፤ ጥቂቶቹ ቢሮው ውስጥ ቀሩ። ጀፈርሰን ሲገባ የቀሩት እንዳይሰጡ አዘዘ። ከተከለከሉት አንዱ ዊልያም ማርበሪ ነበር።

ማርበሪ በታኅሣሥ 1801 አዲሱን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰንን ከሰሰ፤ አቤቱታውን ያቀረበውም በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነበር። አዲሱ ኮንግረስ የሰጠው መልስ የዋዛ አልነበረም። በ1802 ያን የዳኞች ሕግ ሽሮ አዳዲሶቹን ዳኞች ከነወንበራቸው አነሳ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እስከ የካቲት 1803 እንዳይሰየም የችሎት ጊዜውን ቀየረ። ማርሻል ወዴት ይሂድ? ደብዳቤው ይሰጠው ብሎ ቢያዝ ማዲሰን ወረቀቱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ፍርድ ቤቱም መሳቂያ ይሆናል። አይገባውም ቢል ደግሞ ለጀፈርሰን እጅ ሰጠ ማለት ነው።

የካቲት 24 ቀን 1803 የተሰጠው ፍርድ ሁለቱንም ወጥመዶች አልፏል። ማርበሪ ሹመቱ ይገባዋል አለ። መንግሥት ደብዳቤውን መያዙ ሕገ ወጥ ነው አለ። ነገር ግን ይህን ትእዛዝ እንዲሰጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ሥልጣን የሰጠው የ1789ኙ ሕግ 13ኛ አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ አንቀጹ ዋጋ የለውም አለ። ጀፈርሰን ጉዳዩን አሸነፈ። የሚታዘዝ ነገር ስላልነበረ የሚጥሰውም ነገር አላገኘም። ፍርድ ቤቱ ግን ትንሿን ሥልጣን አልፈልግም ብሎ ትልቁን ወሰደ።

አድናቆቴ እንዳለ ሆኖ፣ እንደ ሕግ ባለሙያ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ። ያልደረሰውን ደብዳቤ ያሸገው ራሱ ማርሻል ነው። ወንድሙ በጉዳዩ የቃለ መሐላ ማስረጃ ሰጥቷል። እንዲህ ያለ ዳኛ በእኛ ፍርድ ቤት ቢቀመጥ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ከችሎት ይነሳልን የሚል አቤቱታ ይቀርብበታል። ሥልጣን የለኝም የሚል ፍርድ ቤትም ይህን የሚለው በመጀመሪያ እንጂ ሙሉውን ክርክር ካተተ በኋላ አይደለም። ማርሻል ቅደም ተከተሉን የገለበጠው ጀፈርሰንን በአደባባይ ለመገሠጽ እንደነበር ለማየት ብዙ መመራመር አያሻም። ከስድስት ቀን በኋላ ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት የዳኞቹን መነሳት የሚመለከት ሌላ ጉዳይ ቀርቦለት የኮንግረሱን ሕግ አጸደቀ። ማርሻል በበታች ችሎት አይቶት ስለነበር ከዚህኛው ራሱን አነሳ። ፍርድ ቤቱ ዋናውን ግጭት ሸሸ።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው። በ1804 የተወካዮች ምክር ቤት የማርሻልን ባልደረባ ዳኛ ሳሙኤል ቼዝን ከሥልጣን ለማስወገድ ክስ መሠረተ። ቼዝ በችሎት ላይ ፖለቲካ የሚሰብክ፣ አንደበቱን የማይገታ ሰው ነበርና ለክሱ ራሱ በር ከፍቷል። ቀጥሎ የሚመጣው ማርሻል ነው የሚል ግምት በሰፊው ይወራ ነበር። በዚያ ጭንቀት ውስጥ ማርሻል ለቼዝ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬም ያስገርማል፤ ዳኞችን ከማባረር ይልቅ ኮንግረስ የማይወዳቸውን ፍርዶች ራሱ ቢሽራቸው ይሻላል የሚል አሳብ ሰንዝሮበታል። ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል የመናገር ሥልጣን የዳኞች ነው ያለው ያው ሰው ነው!

ያዳነው ማን ነው? መማሪያ መጻሕፍት ብዙ የማይሉት እዚህ ላይ ነው። ከ34ቱ ሴናተሮች 25ቱ የጀፈርሰን ፓርቲ አባላት ነበሩ። ለማስወገድ 23 ድምፅ በቂ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1805 ድምፅ ሲሰጥ በየትኛውም የክስ ነጥብ ጥፋተኛ ነው ያሉት ከ19 አልበለጡም። የአሸናፊው ፓርቲ ሰዎች መሪያቸው የሚፈልገውን፣ ቁጥሩም በእጃቸው የነበረውን ነገር ሳያደርጉ ቀሩ። የፍርድ ቤቱን ነጻነት ማርሻል በብዕሩ ጻፈው፤ ያጸኑት ግን ስማቸውን ማንም የማያስታውሳቸው ፖለቲከኞች ናቸው።

እኛ አገር ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣን የተሰጠው ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤም ያግዘዋል። በ2012 ዓ.ም. ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም የሥልጣን ዘመኑን ጉዳይ የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነበር፤ ውሳኔው የራሱንም ዘመን ይጨምራል። በተማሪነቴ የጎደለን የማርሻል ዓይነት ፍርድ ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ይበልጥ የማስበው ስለእነዚያ ሴናተሮች ነው።

ማርሻል 34 ዓመት በወንበሩ ቆየ። ዳኞቹ በአንድ ማረፊያ ቤት እያደሩ፣ በአንድ ማዕድ እየበሉ፣ እያንዳንዱ የየራሱን አስተያየት መጻፉን ትቶ በአንድ ድምፅ መናገርን አስለመዳቸው። አብዛኞቹ በተቃራኒው ፓርቲ ፕሬዚዳንቶች የተሾሙ ከሆኑ በኋላም ልማዱ ቀጠለ። በ1819 በብሔራዊ ባንኩ፣ በ1824 በመርከብ ንግዱ ጉዳይ የፌዴራሉን መንግሥት ሥልጣን አሰፋ። የኮንግረስን ሕግ ግን ከ1803 በኋላ አንድም ጊዜ አልሻረም። ቀጣዩ እንዲህ ያለ ፍርድ የመጣው በ1857 ነው፤ እሱም ጥቁሮች ዜጋ አይደሉም ያለው የድሬድ ስኮት ፍርድ ነበር።

በዚህ በኩል የማርሻል እጅም ንጹሕ አይደለም። በ2018 የወጣ ጥናት በሕይወቱ ዘመን በመቶዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎችን እንደያዘ፣ የነጻነት አቤቱታዎችም ፊቱ ሲቀርቡ እንዳልቀናቸው አሳይቷል። በስሙ ይጠሩ የነበሩ የቺካጎና የክሊቭላንድ የሕግ ትምህርት ቤቶች በ2021 እና በ2022 ስሙን አንስተዋል።

በእርጅናው የጆርጂያ ክፍለ ግዛት የቸሮኪ ሕዝብን ምድር ለመውሰድ ተነሳ። ሳሙኤል ዎርስተር የተባለ ሚሲዮናዊ ያለ ፈቃድ በዚያ ምድር ኖረሃል ተብሎ አራት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ተፈረደበት። በመጋቢት 1832 የማርሻል ፍርድ ቤት የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ፈረደ። ጆርጂያ ፍርዱን አላከበረችም፤ ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም አላስገደዳትም። ዎርስተር የተፈታው በቀጣዩ ዓመት ጥር ነው፤ ያውም በአገረ ገዥው ምሕረት። በ1838 ወታደሮች ቸሮኪዎችን ከቤታቸው አስወጥተው ወደ ምዕራብ ነዷቸው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት በመንገድና በየመጠለያው ሞቱ።

ማርሻል ይህን ለማየት አልደረሰም። በ1832 መጸው ግን ለባልደረባው ለጆሴፍ ስቶሪ ሲጽፍ ሕገ መንግሥቱ ይዘልቃል የሚለው እምነቱ እየከዳው መሆኑን ነግሮት ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1835 በፊላደልፊያ ሞተ፤ በሪችመንድ ከሚስቱ ከፖሊ አጠገብ ተቀበረ። የመቃብሩን ጽሑፍ ያዘጋጀው ከመሞቱ በፊት ራሱ ነው። የወላጆቹን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ ያገባበትን ቀንና የሚስቱን ስም አስፍሯል፤ ለሞቱ ቀንም ቦታ ትቷል። ዋና ዳኛ እንደነበር የሚል ቃል የለበትም።