የሪስሊንገው መምህር ክሪስተን ኮልድ

በዴንማርክ አገር ፊውን በሚባለው ደሴት ላይ ሪስሊንገ የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር ትገኛለች። የዚህች መንደር ስም በትምህርት ታሪክ ሊጻፍ የቻለው ቤተ መንግሥት ወይም ታላቅ ሕንፃ ስላላት ሳይሆን፥ አንድ የጫማ ሰፊ ልጅ ትምህርት ቤት ስለ ከፈተባት ነው።

ክሪስተን ኮልድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1816 ዓ.ም. በቲስተድ ከተማ ተወለደ። የአባቱን ሙያ ለመማር ቢሞክርም እጁ አልታዘዝ ስላለው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገባ። በዚያ ዘመን የዴንማርክ ልጆች የሃይማኖት ትምህርት የሚማሩት መጽሐፉን ቃል በቃል በመሸምደድ ነበር። ኮልድ ግን በሽምደዳ የሚያለቅሱ ልጆች፥ ያንኑ ነገር በታሪክ መልክ ሲነግራቸው ደስ ብሏቸው እንደሚይዙት ተመለከተ። ስለዚህ ማሸምደዱን እምቢ አለ። ሹማምንቱም በዚህ ምክንያት የመምህርነት ሥራ ከለከሉት።

በ1842 ዓ.ም. የአንድ ሚሲዮናዊ አገልጋይ ሆኖ ዛሬ ኢዝሚር ወደምትባለው ወደ ሰምርኔስ ሄደ፤ በዚያም መጽሐፍ በመጠረዝ እንጀራውን አገኘ። በ1847 ዓ.ም. ሲመለስ እስከ ትሪየስቴ በመርከብ ተጓዘ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዕቃውን በእጅ ጋሪ ጭኖ እስከ አገሩ ድረስ በእግሩ ተጓዘ።

በ1849 ዓ.ም. የወጣው የዴንማርክ ሕገ መንግሥት ገበሬው የሕዝብ እንደራሴ እንዲመርጥ መብት ሰጠው። ነገር ግን የሚመርጥ ሰው ማሰብም መቻል አለበት። ኮልድ ይህን ተረድቶ፥ ዝነኛው ሊቅ ግሩንትቪግ በገንዘብ ማሰባሰብ ስለ ረዳው፥ በ1851 ዓ.ም. ዐሥራ አምስት ያህል የገበሬ ወጣቶችን ይዞ በሪስሊንገ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ገበታ ይበላ፥ በአንድ ጣራ ሥር ይተኛ ነበር። ፈተናም ሆነ የምስክር ወረቀት አልነበረም፤ የአገርን ታሪክና የመጽሐፍ ቅዱስን ነገር በሕያው ቃል ይተርክላቸው ነበር እንጂ።

በ1852 ዓ.ም. በዳልቢ መንደር ለሕፃናት ነጻ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1855 ዓ.ም. የወጣውም ሕግ ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው መንገድ እንዲያስተምሩ ፈቀደ። ኮልድ በ1862 ዓ.ም. ወደ ዳሉም ተዛወረ፤ በሚከተለውም ዓመት ልጃገረዶችን መቀበል ጀመረ። በ1870 ዓ.ም. በ54 ዓመቱ ሞተ።

ለፈተና የተሸመደደው ነገር ፈተናው ሲያልፍ አብሮ እንደሚያልፍ እኛ ተማሪዎች እናውቃለን። ይህ ሰው ላመነበት ነገር ሥራውን አጣ፤ በእምነቱ ስለ ጸና ግን የገበሬ ልጆች የሚያስቡ ዜጎች እንዲሆኑ መንገድ ከፈተ። ዕውቀትን በልባችን ብንይዛት እስከ እርጅናችን ድረስ አትለየንም።