ከጣና ደንገል እስከ ባርባዶስ፦ የቶር ሄይርዳል የተሰበረ መሪ

ጨዋታው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ሁለት ተጫዋች በቀይ ካርድ የወጣበት ቡድን ምን እንደሚሰማው የኳስ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ የተነሳችው ‹‹ራ›› የተባለች ጀልባም የገጠማት ይኸው ነው። ገና የመጀመሪያው ቀን ሳያልቅ ሁለቱም የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። ከፊት ለፊቷ አትላንቲክ ውቅያኖስ ተዘርግቷል፣ በላይዋ ሰባት ሰው ተሳፍሯል። ጀልባዋ ደግሞ የብረትም የሳንቃም አልነበረችም። ከእኛው ጣና ሐይቅ የታጨደ ደንገል ነበረች።

የጀልባዋ አለቃ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄይርዳል ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 1914 ላርቪክ በምትባል የባህር ዳር ከተማ ተወለደ። የሚገርመው ነገር በዓለም ላይ ስሙን ያስጠራው ውሃ ሆኖ ሳለ ልጅ እያለ ከመስጠም ለጥቂት ስለተረፈ ውሃ ይፈራ ነበር። ዋናም የለመደው ዘግይቶ፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ስለ እንስሳትና ስለ መልክዓ ምድር ተማረ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ከሚስቱ ጋር ፋቱ ሂቫ ወደምትባል የፓስፊክ ደሴት ሄዶ ኖረ። እዚያ ነው ሐሳቡ የተጠነሰሰው። የጥንት ሰዎች ብረትና ሞተር ሳይኖራቸው ውቅያኖስ ተሻግረዋል ብሎ አመነ። ምሁራኑ አልተቀበሉትም። እሱም ክርክሩን ትቶ ሜዳ ላይ ሊያሳያቸው ተነሳ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1947 ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ዘጠኝ የባልሳ ግንዶች በገመድ ታስረው በተሠሩት ‹‹ኮን ቲኪ›› ላይ ሆኖ ከፔሩ ካያኦ ወደብ ተነሳ። ግንዶቹን የሚመራው ከኋላ የተንጠለጠለ ረጅም መቅዘፊያ ነበር። ማዕበሉ በበረታ ጊዜ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም ነበር። በግንዶቹ መሀል ደግሞ ወደ ታች የሚሰኩ ሳንቃዎች ነበሩ። እነዚህን ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ አቅጣጫ መቀየር እንደሚቻል የተረዱት ውቅያኖሱ ላይ እያሉ ነው። የድሮ ሰዎች ያውቁት የነበረውን ነገር እነሱ እንደ አዲስ አገኙት ማለት ነው።

በ101ኛው ቀን ራሮያ የተባለው የኮራል ድንጋይ አጥር ፊታቸው ተደቀነ። ማምለጫ የለም። ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ዛሬ ማንም የትንሽ ጀልባ ባለቤት የሚያደርገው ነው። ሳንቃዎቹን ከታች የያዙትን ገመዶች ቆርጠው ሳንቃዎቹን ወደ ላይ ሳቧቸው። ከሥር የሚንጠለጠል ነገር ስለሌለ ማዕበሉ ግንዶቹን አንስቶ ድንጋዩ ላይ ወረወራቸው። ስድስቱም በሕይወት ወጡ። ስለጉዞው የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. የ1951 ዓመት ኦስካርን ወሰደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። በመኪና ተጎትታ ሐይቅ የምትወርድ ትንሽ የሸራ ጀልባ መሪዋ ሁለት ክፍል ነው። ላይኛው ከጀልባዋ ጀርባ ጋር ይያያዛል። ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰሌዳ ደግሞ በአንድ ወፍራም ቡሎን ላይ እንደ ሴንጢ ይታጠፋል። አንድ ገመድ ሰሌዳውን ወደ ታች ይይዘዋል፣ ሌላው ወደ ላይ ይስበዋል። ጥበቡ ያለው ወደ ታች የሚይዘው ገመድ ላይ ነው። ጠንካራ ላስቲክ ይጨመርበታል፣ ወይም ከልክ ያለፈ ጉልበት ሲያርፍበት በሚለቅ መያዣ ይታሰራል። ለምሳሌ ውሃው ቡናማ በሆነውና ሥሩ በማይታየው ላንጋኖ ላይ ሰሌዳው ድንጋይ ቢመታ ታጥፎ ይነሳል እንጂ አይሰበርም። ገመዱን በደንብ ሳይስቡ ቀርተው ሰሌዳው ግማሽ ድረስ ብቻ ከወረደ ግን ጣጣ ነው። ውሃው ሰሌዳውን ከማጠፊያው ርቆ ወደ ኋላ ስለሚገፋው የመሪው እጀታ ክንድ ያዝላል። ብዙ ጀማሪ ጀልባዬ ተበላሸች ብሎ የሚያማርረው አንዲት ገመድ ስለላላች ነው።

ሄይርዳል ‹‹ራ››ን ሲያሠራ ይህ ዓይነት መሪ አልነበረውም። የፈለገው የጥንት ግብፃውያን መቃብር ግድግዳ ላይ የተሳለውን ዓይነት ነው። ደንገሉን ፍለጋ ኢትዮጵያ መጣ። ግብፅ ውስጥ ደንገል ጠፍቶ ነበር፣ ጣና ላይ ግን የወይጦ ማኅበረሰብ እስካሁን ታንኳ ይሠራበታል። ብዙ ቶን ደንገል ታጭዶና ደርቆ በቀይ ባህር በኩል ወደ ግብፅ ተጫነ። ጊዛ ፒራሚዶች ሥር ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች 15 ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ አድርገው አሰሩት። ደንገል ውሃ ውስጥ ከሁለት ሳምንት በላይ አይቆይም ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ።

ቡድኑ ከየአገሩ የተውጣጣ ነው። አሜሪካዊ የባህር መንገድ አዋቂ፣ የሶቪየት ሐኪም፣ ጣልያናዊ ተራራ ወጪ፣ ግብፃዊ ጠላቂ፣ ሜክሲኳዊ ምሁርና ቻዳዊ የደንገል ባለሙያ ነበሩበት። ቀዝቃዛው ጦርነት በጋለበት ጊዜ አሜሪካዊና ሩሲያዊ አንድ ጎጆ ውስጥ አብረው ተኙ፣ ባንዲራቸውም የተባበሩት መንግሥታት ነበር።

መሪዎቹ የተሰበሩት ለምንድን ነው? ዘንጋቸው ላይም ታችም ግጥም ተደርጎ ታስሯል። ማዕበሉ ሰሌዳውን ሲገፋው መሸሻ ስላጣ እንጨቱ ለሁለት ተከፈለ። የታችኛው ገመድ ቀጠን ያለ ቢሆን ኖሮ ከእንጨቱ በፊት ገመዱ ይበጠስ ነበር። ገመድ መልሶ ማሰር ቀላል ነው፣ የተሰበረ ዘንግ ግን መሀል ባህር ላይ ከየት ይመጣል? ሰባቱ ሰዎች ያላቸውን እንጨት በገመድ እየጠጋገኑ ቀጠሉ።

ጀልባዋን በመጨረሻ የገደላት ግን ሌላ ገመድ ነው። ግብፃውያኑ የጀልባቸውን ጅራት ወደ ላይ ቆልምመው ከጫፉ እስከ ወለሉ ገመድ ይወጥራሉ። ሠሪዎቹ ይህ ገመድ ጅራቱን ለማጠፍ ብቻ የሚያገለግል መስሏቸው ስለነበር በኋላ ተነሳ። ከእንጦጦ በየካ በኩል ቁልቁል ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሸክሙን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው ገመዱ ነው፣ እሱ ከላላ ጀርባ ላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። የ‹‹ራ›› ጅራትም ወደ ውሃው ሰመጠ፣ ማዕበሉ በኋላ በኩል ገባ። 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ፣ ባርባዶስ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ጁላይ 1969 ላይ ጀልባዋን ጥለው ወጡ። የሰው ልጅ ጨረቃን የረገጠበት ወር ነው።

ሄይርዳል ግን መልሱን ጨዋታ ጠየቀ። በዓመቱ 12 ሜትር የሆነችውን ‹‹ራ 2›› አሠራ። ደንገሉ አሁንም ከኢትዮጵያ ነው፣ የሠሯት ግን የቦሊቪያ ቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች ናቸው። ሜይ 17 ቀን 1970 ከሳፊ ተነስታ በ57 ቀን፣ ጁላይ 12፣ ባርባዶስ ገባች። በመንገድ ላይ ያዩት ባህሩን የሞላ የነዳጅ ጥቀርሻ ለተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ተደረገ፣ የባህር ብክለት ጉዳይ ያኔ ብዙም አይወራም ነበር።

የመጨረሻው ትልቅ ጉዞው ደግሞ እኛኑ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1977 ኢራቅ ውስጥ ‹‹ታይግሪስ››ን አሠርቶ በፓኪስታን በኩል እስከ ጅቡቲ መጣ። ከአምስት ወር ጉዞ በኋላ ወደ ቀይ ባህር ሊገባ ሲል በሩ ሁሉ ተዘጋበት። በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የኦጋዴን ጦርነት ገና መብረዱ ነው፣ ኤርትራ ውስጥ ውጊያ አለ፣ ማዶ የመንም ሰላም አልነበረችም። ኤፕሪል 3 ቀን 1978፣ በእኛ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ሄይርዳልና ጓዶቹ ጀልባቸውን ጅቡቲ ባህር ላይ በእሳት አቃጠሏት። ደህና የነበረች ጀልባ ናት። ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊም ወደ አካባቢው የሚጎርፈውን የጦር መሣሪያ የሚቃወም ደብዳቤ ላኩ። ሸራ ዘርግቶ ጸጥ ብሎ መግባት የሚችልን ሰው ጦርነት እንዲህ ነው ያስቆመው።

ምሁራኑስ ምን አሉ? እውነቱን ለመናገር በአብዛኛው ተሸንፏል። የፓስፊክ ደሴቶች ሕዝብ ከእስያ በኩል እንደመጣ ቋንቋውም ዘረ መሉም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዘረ መል ጥናት ግን የፓስፊክና የደቡብ አሜሪካ ሰዎች በ1200 ዓመተ ምህረት አካባቢ እንደተገናኙ አሳይቷል። ስለዚህ ያለ ጎል አልወጣም።

ሄይርዳል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2002 በ87 ዓመቱ ጣልያን ውስጥ አረፈ። ‹‹ራ 2›› ዛሬም ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች፣ ደንገሏም ያው የጣና ደንገል ነው።