ዐፄ ቴዎድሮስና የደም ብድር

ደም የፈሰሰበት ቤት ዕረፍትን ይሻል፤ ዕረፍቱንም በሌላ ደም የሚያገኘው ይመስለዋል። በእብናትና በደብረ ታቦር ደጋዎች ይህ አሳብ የቈየ ነው፤ የወንድሙን ደም ያልመለሰ ሰው ከሰው በታች ይቈጠራል። ነገር ግን ደብረ ታቦርን መናገሻቸው ያደረጉት የዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ለዚህ አሳብ መልስ ስለሚሰጥ፥ ምእመናን ሊያስተውሉት ይገባል።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ተወለደ፤ አገሩም ቋራ ነው። በልጅነቱ ለትምህርት በገባበት ገዳም፥ አንድ የተሸነፈ መስፍን የአባቶችን ብድር በልጆች ላይ ሲመልስ፥ ካሣ ከእልቂቱ አመለጠ። ኋላ ሸፍቶ በበረታ ጊዜ፥ ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ስለ ሰደቡት፥ በማረካቸው ጊዜ ኮሶ አጠጣቸው። በዚያን ጊዜ ብድሩ የተከፈለው በኮሶ ነበር።

በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ከነገሡ በኋላ፥ ዘመነ መሳፍንት በቂም የከፋፈለውን አገር አንድ ለማድረግ ተነሡ። ከመጀመሪያ ሥራዎቻቸውም አንዱ፥ ነፍሰ ገዳይን ለሟች ዘመዶች አሳልፎ የመስጠትን ልማድ መሻራቸው ነው። በዳዩ በንጉሥ ዳኝነት እንዲቀጣ፥ የሟቹ ወንድም ግን እጁን ከደም እንዲያነጻ አደረጉ። ይህ ታላቅ ሥርዓት ነበር፤ ፍርድ ወሰን አለው፥ ቂም ግን ወሰን የለውምና።

ሆኖም ያ ሥርዓት የተፈተነው በንጉሡ በራሳቸው ኀዘን ነው። በ1852 ዓ.ም. ወዳጃቸው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን በዐመፀኛው በጋረድ ሰዎች ቈስሎ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. ጋረድን ሊወጉ በዘመቱ ጊዜም ታማኛቸው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል በጦርነቱ ወደቀ፤ ጋረድም ሞተ። ገዳዩ ስለ ሞተ ደሙ ተመልሶ ነበር፤ የንጉሡ ልብ ግን አላረፈም። በደባርቅ በመቶ የሚቈጠሩ ምርኮኞች ተገደሉ። ከሟቾቹም እያንዳንዱ ዘመድ ነበረውና፥ የሁለት ወዳጆችን ደም ለመመለስ ሲባል ቍጥሩ የበዛ ደመኛ ተተከለ።

በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በወሎዋ እመቤት በወይዘሮ ወርቂት አገር በኩል ወደ ሸዋ ባለፉ ጊዜ፥ ንጉሡ በእስር የነበረውን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ መኳንንት ጋር አስገደሉ፤ ወሎም ጠላታቸው እንደ ሆነ ቀረ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ከነአብያተ ክርስቲያናቷ ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። የበጌምድር ገበሬ ቤቱ ሲነድበት ጦሩን አንሥቶ ወታደሮቻቸውን ገደለ፤ እርሳቸውም ሌላውን መንደር አቃጠሉ። ቅጣት ዐመፅን፥ ዐመፅም ቅጣትን ወለደ። የቀቧቸው ጳጳስ አቡነ ሰላማም በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ በመቅደላ በእስር ዐረፉ። ንጉሡ በጋፋት ያሠሩትን መድፍ እያስጐተቱ ከደብረ ታቦር ሲወጡ፥ ከብዙው ሠራዊታቸው የተከተላቸው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም. ጸሎተ ሐሙስ ነበረ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ባጠበበት ዕለት፥ ስለ እንጀራና ስለ ውሃ የጮኹ ብዙ እስረኞች ተገድለው በመቅደላ ገደል ተጣሉ። በማግሥቱ፥ በዕለተ ስቅለት፥ ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ ወታደር በአሮጌ ከእንግሊዞች ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ያን ጊዜ የታሰሩት አውሮፓውያን በንጉሡ እጅ ስለ ነበሩ፥ በቀሉ ቅርብ ነበረ። እርሳቸው ግን አልነኳቸውም፤ በቀዳም ሥዑርና በትንሣኤ በደኅና ሰደዷቸው። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ሲያዝ፥ በገዛ እጃቸው ሞቱ።

አገራቸውን መውደዳቸውን ማንም አይክድም፤ ነፍሳቸውንም የሚመዝን እግዚአብሔር ነው። እኛ ግን ይህን እናስተውል፤ በደባርቅ የፈሰሰው ደም ዮሐንስ ቤልን አላስነሣም፥ የንጉሡንም ኀዘን አላበረደም። ያሳርፍ የነበረው የመጀመሪያ ሥርዓታቸው ነበር። ስለዚህ አንተ ደም የፈሰሰብህ ወንድሜ፥ በደሉን ለዳኛ ስጥ፤ ካህንና ሽማግሌ መስቀል ይዘው ደሙን ሊያደርቁ ደጅህ ሲቆሙም አትመልሳቸው። ያን ጊዜ ልጅህ ከአንተ ጦር ሳይሆን ሞፈርና ቀንበር ይወርሳል።