ጃንሆይና አየር መንገዱ

ስድስት ኪሎ የተማርን ሁሉ የተማርነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤት ነው። ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ መኝታ ቤታቸው ዛሬም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጥ ይጎበኛል። ስለ ሰጡን ቤት ብዙ ስለተባለ፣ እስቲ ዘንድሮ ሕይወታቸውን በሌላው ትልቅ ሥራቸው፣ በአየር መንገዱ በኩል እንየው።

ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን የሐረር ገዥ ነበሩ። ያኔ ከሐረር አዲስ አበባ በበቅሎ የሳምንታት መንገድ ነበር፤ ባቡሩም መዲናይቱ የደረሰው እሳቸው አልጋ ወራሽ ከሆኑ በኋላ ነው። በ1915 ዓ.ም. ኤደንን ሲጎበኙ እንግሊዞች የጦር አውሮፕላኖቻቸውን ትርኢት አሳዩአቸው። ማየት ብቻ አልበቃቸውም፤ ራሳቸው ተሳፍረው ወጡ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ የተባለች የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ በአገር ቤት ሠልጥነው አብራሪ ሆኑ።

ከዚያ ጠላት መጣ። የጣሊያን አውሮፕላኖች ከሰማይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያወርዱ ንጉሠ ነገሥቱ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ነበሩ። ሰማዩ የማን እንደሆነ በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ በ1933 ዓ.ም. ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቃቸው፦ በ1934ቱ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ስምምነት መሠረት የውጭ አውሮፕላን በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ለመብረር የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ይሁንታ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ አገሩ ነፃ ወጥቷል ተብሎ ሰማዩ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። በ1937 ዓ.ም. ስምምነቱ በሌላ ተተካ። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ጃንሆይ በአሜሪካ አውሮፕላን ወደ ግብፅ በረው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በመርከብ ላይ ተገናኙ። ወራት አልፈው ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር ውል ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተቋቋመ።

የውሉ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። ንብረቱ የኢትዮጵያ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ አብራሪውና መካኒኩ አሜሪካዊ። ሐሳቡ ግን ፈረንጁ ሥራውን እያስተማረ ቀስ በቀስ እንዲለቅ ነበር። ያኔ ይህን ነገር ለአሜሪካ አገርን መስጠት አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። እኔ ግን ለእንግሊዝ የተሰጠ መልስ ነበር እላለሁ።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ደረሰ። አስመራም ያኔ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ 5 ሲ-47 ናቸው፤ የዲሲ-3 የጦር ሠራዊት ወንድም ማለት ነው። ወንበር አይባልም፤ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ አግዳሚ ተደርድሮ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ይተያያል፤ መሐል ወለሉ ላይ ጭነት። የጅማ ቡና፣ ቆዳ፣ የድሬዳዋ ጫት ሁሉ በዚያ ተጉዟል። በየአውራጃው ማረፊያው የሣር ሜዳ ስለነበር ከብት ሳይባረር አይታረፍም። መንገድ ባልነበረበት አገር ግን አውሮፕላኗ የሳምንቱን ጉዞ የሰዓት አደረገችው።

በኋላ ኮንቬየር 240 መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ባለ አራት ሞተሩ ዲሲ-6ቢ ፍራንክፈርት መድረስ ጀመረ። ትልቁ ለውጥ ጄት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፣ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረጅም መሮጥ አለበት። የልደታው ማረፊያ ለዚያ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ቦሌ ተሠራ፤ ልደታ በኩል የቀረው ኦልድ ኤርፖርት የሚለው የሰፈር ስም ነው። በ1955 ዓ.ም. ሁለት ቦይንግ 720ቢ ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ።

ርክክቡስ? ዘገምተኛ ነበር። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በአዛዥነት የበረሩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ተሾሙ። ሃያ አምስት ዓመት! ቢዘገይም ግን ተፈጸመ፤ ቦታውን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበርና።

በቤተ መንግሥቱ ይህ አልሆነም። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ። ጃንሆይ በአውሮፕላን አስመራ ደርሰው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የታገቱት ሹማምንት ግን በገነተ ልዑል አረንጓዴ ሳሎን ተረሽነው ነበር። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ያ ቤት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ስጦታው ቸርነት ነው፣ ከደም ቤት መሸሽ ነው እያሉ የሚከራከሩ አሉ። ለእኔ ሁለቱም አይጣሉም። የማይታለፈው ሌላ ነው፦ በአየር መንገዱ የሚተካ ሰው ያሠለጠኑ ንጉሥ በመንግሥታቸው ሥልጣን የሚረከብ ተቋም አላቆሙም። መሬት ለአራሹ ብለው የጮኹት በገዛ ቤታቸው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ወሎ ሲራብም ጄቶቹ አውሮፓ ይመላለሱ ነበር፤ የረሀቡ ወሬ ግን ቤተ መንግሥት ደርሶ ሥራ ላይ ለመዋል ዘገየ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ፤ በዓመቱ ነሐሴ በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አስከሬናቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ አየር መንገዱ በቦይንግ 757ና 767 ይበር ነበር፤ አመራሩ በኢትዮጵያውያን እጅ ከገባም ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር።