7 ለ 0 የተሸነፈው ሰውዬ

እኛ ሰፈር ባለው ዲኤስቲቪ ቤት አርሰናል ጎል ሲገባበት አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ። ኳሷ ገና ከመረቡ ሳትወጣ ጥፋተኛ ይመረጣል። ግማሹ በረኛውን ይሰድባል፣ ግማሹ የመሐል ተከላካዩን። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ ልጁ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ የሠራውን ስህተት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። እኔም ከተሳዳቢዎቹ አንዱ ነኝ፣ አልዋሽም። አንድ ጊዜ አንድ ተከላካይን ጥፋተኛ አድርጌ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ። ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ጎሉን በስልኬ ደጋግሜ ሳየው ግን ልጁ ብቻውን ሁለት አጥቂ እንዲይዝ ተትቶ እንደነበር ገባኝ። ጽሑፉን አጠፋሁት። ሼር ያደረጉት ሰዎች ግን አላጠፉትም።

ስለ ኸርበርት ቻፕማን ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። የአርሰናል ደጋፊ ከሆናችሁ ስሙን ሰምታችኋል፤ ስታዲየሙ ደጅ ላይ ሐውልቱ ቆሟል። ብዙዎቻችን ግን ከስሙ አልፈን አናውቀውም። እኔን የሳበኝ ያነሳው ዋንጫ አይደለም። ጎል ሲገባበት ማን አጠፋ ከማለት በፊት ክፍተቱ የት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው መሆኑ ነው። ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር ወይ? አልነበረም፤ እመለስበታለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ቻፕማን በ1878 ዮርክሻየር ውስጥ ኪቭተን ፓርክ በምትባል የከሰል መንደር ተወለደ። አባቱ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ልጁ የማዕድን ምህንድስና ተማረ። ተጫዋችነቱን ተዉት፤ ከክለብ ክለብ ሲዞር የኖረ መካከለኛ አጥቂ ነበር። ቶተንሃምም ተጫውቷል፣ መድፈኞች ይቅር በሉት። በ1907 ኖርዝሃምፕተንን በተጫዋችና በአሰልጣኝነት ያዘና በሁለት ዓመት ውስጥ የደቡብ ሊግ ሻምፒዮን አደረገው። ከዚያ ወደ ሊድስ ሲቲ ሄደ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥይት ፋብሪካ ገብቶ ሠራ። ጦርነቱ እንዳበቃ ሊድስ ሲቲ በጦርነቱ ጊዜ ለተጫዋቾች ሕገ ወጥ ክፍያ ፈጽሟል ተብሎ በ1919 ከሊጉ ተባረረ፤ ተጫዋቾቹም በጨረታ ተሸጡ። ቻፕማንም ዕድሜ ልክ ታገደ። አርባ ዓመት አልፎት ከኳስ ውጪ ሆነ ማለት ነው። በኋላ ይግባኝ ብሎ፣ በተባለው ጊዜ ፋብሪካ ውስጥ እንደነበር አስረድቶ እገዳው ተነሳለት። ሀደርስፊልድ ቀጠረው። በ1922 የኤፍኤ ዋንጫ፣ በ1924 እና በ1925 ደግሞ ሊጉን በተከታታይ በላ።

በ1925 ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛው፣ ቻፕማን ሻምፒዮኑን ቡድን ትቶ በዚያው ዓመት ከ22 ክለብ 20ኛ ወጥቶ ለጥቂት ወደተረፈው አርሰናል ሄደ። ሁለተኛው፣ የኦፍሳይድ ሕግ ተቀየረ።

ይሄን ሕግ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጋ ነው። በድሮው ሕግ ኳስ ሲቀበል አጥቂው ከፊቱ፣ በረኛውን ጨምሮ፣ ቢያንስ 3 ተጋጣሚ ሊኖረው ይገባ ነበር። ያኔ ቡድኖች ከኋላ የሚያስቀምጡት 2 ተከላካይ ብቻ ነው፤ ከፊታቸው 3 አማካይ፣ ከዚያ 5 አጥቂ። በዚህ ሕግ ለተከላካይ ኑሮ ቀላል ነበር። አንደኛው ተከላካይ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሲወጣ አጥቂው ኦፍሳይድ ነው። ሰዓቱ ስቶ ወጥመዱ ቢከሽፍ እንኳ ሁለተኛው ተከላካይ ከኋላ አለ። ስህተት ነጻ ነበር ማለት ይቻላል፤ መድን የተገባለት ስህተት። ጨዋታውም አሰልቺ ሆነ፤ ኳሱ መሐል ሜዳ ላይ ተጨናንቆ ፊሽካ ብቻ ይሰማል።

አዲሱ ሕግ 3ን ወደ 2 አወረደው። ቁጥሯ ትንሽ ናት፣ ውጤቷ ግን ከባድ ነው። አሁን አጥቂውን ኦፍሳይድ ለማስገባት ሁለቱም ተከላካዮች እኩል መውጣት አለባቸው፤ ከሳቱ ደግሞ ከኋላቸው በረኛው ብቻ ነው ያለው። በአንደኛ ዲቪዚዮን በ1924-25 ውድድር ዘመን 1,192 ጎል ተቆጥሮ ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በዚያው 462 ጨዋታ፣ 1,703። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይሄን ሲያይ ፈገግ ይላል፤ ተከላካዮቹ በአንድ ክረምት አልሰነፉማ! የተቀየረው የስህተት ዋጋ ነው። ዋጋው ሲቀየር ደግሞ ሁሉም ሰው አሮጌውን ልማዱን ይዞ ትንሽ ይከስራል፣ መጀመሪያ የነቃው ያተርፋል።

ቻፕማን መጀመሪያ አልነቃም። ጥቅምት 3 ቀን 1925 ኒውካስል ሄዶ 7 ለ 0 ተሸነፈ።

በዚያ ቡድን ውስጥ ቻርሊ ቡካን የሚባል የ34 ዓመት አጥቂ ነበር። አገዛዙ ራሱ ታሪክ ነው። ሰንደርላንድ 4,000 ፓውንድ ሲጠይቅበት አርሰናል 2,000ውን በእጅ፣ ሌላውን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት በሚያገባው ጎል ልክ መቶ መቶ ፓውንድ ለመክፈል ተስማማ። ቡካን 21 ጎል አገባና ሰንደርላንድ ከጠየቀው 100 ፓውንድ በላይ አገኘ። ለማንኛውም ይሄ ቡካን ከሰሞኑ ጀምሮ የሚጨቀጭቀው አንድ ነገር ነበረው፤ የመሐል አማካዩ ወደኋላ ተመልሶ በሁለቱ ተከላካዮች መሐል ይቁም። ከ7 ለ 0 በኋላ ቻፕማን ሰማው። ሌሎች ክለቦችም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር እየሞከሩ ስለነበር ፈጠራው የቻፕማን ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የእሱ ድርሻ ሌላ ነው። የመሐል አማካዩ ወደኋላ ከሄደ መሐል ሜዳው ይራቆታል። ክፍተት እኮ አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው። ስለዚህ ከአጥቂዎቹ አንዱ ዝቅ ብሎ ያንን ቦታ መሙላት ነበረበት። ለዚህ የተመረጠው አንዲ ኒል የሚባል፣ ቀርፋፋ ግን ኳስ ሲይዝ የማይደነግጥ ተጫዋች ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኞ፣ አርሰናል ዌስትሃምን በሜዳው 4 ለ 0 አሸነፈ።

ያ ሰኞ በቁም ነገር ብዙ ቀየረ። የመስመር ተከላካዮቹ ወደ ጎን ወጥተው የተጋጣሚን ክንፍ መያዝ ጀመሩ፣ የመሐሉ ሰው ዘጠኝ ቁጥሩን ብቻ ያዘ። ከጊዜ ጋር ሁለተኛ አጥቂም ዝቅ አለና አሰላለፉ 3-2-2-3 ሆነ፤ በወረቀት ላይ ከላይ ያሉት አምስቱ ደብልዩ፣ ከታች ያሉት አምስቱ ኤም ፊደል ይሠራሉ። ዛሬ የመሐል ተከላካይ የምንለው ሰው የመጣው ከዚህ ነው።

ዋጋውን የከፈለውን ሰው ግን ማንም አያነሳውም። ጃክ በትለር ይባላል። የአርሰናል የመሐል አማካይ ነበር፤ በዚያ ዘመን ያ ቦታ ማለት የቡድኑ ሞተር ማለት ነው፣ ኳስ የሚያከፋፍል፣ የሚያጠቃ፣ የሚመለስ። በአንድ የሳምንት መጨረሻ ሥራው አጥር መሆን ሆነ። ሠራው፣ ግን ልቡ ወደፊት ነበር። ቻፕማን በ1926 መጨረሻ ኦስዌስትሪ ከምትባል ትንሽ ክለብ ኸርቢ ሮበርትስ የሚባል ረጅም ልጅ በ200 ፓውንድ ገዛ። ሮበርትስ ኳስ ጠበብት አልነበረም። የሚታዘዘውን ብቻ ያደርጋል፤ ቦታውን አይለቅም፣ በጭንቅላቱ ይመልሳል፣ አጠገቡ ላለው ይሰጣል። በትለር ቀስ በቀስ ቦታውን አጣ። የተሻለው ተጫዋች ወጥቶ ለሥራው የሚመቸው ገባ። እኔ በዚያ ዘመን ደጋፊ ብሆን ቻፕማንን የምሳደብ ይመስለኛል።

ደግሞም ለመሳደብ ጊዜ ነበረን። የመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ወጣ፤ ከዚያ 11ኛ፣ 10ኛ፣ 9ኛ፣ 14ኛ። አስቡት፣ ዛሬ እንዲህ ያለ አሰልጣኝ ስንት ሳምንት ይቆያል? በ1927 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ በረኛው ዳን ሉዊስ ቀላል ኳስ ይዞ፣ አጥቂ ሲመጣበት ዞር ሲል፣ ኳሷ ከእጁ ሾልካ በክርኑ ገፍቶ ወደ ጎል አስገባት። ካርዲፍ 1፣ አርሰናል 0። ይባስ ብሎ ሉዊስ ዌልሳዊ ነው፣ ካርዲፍም የዌልስ ክለብ። ወሬውን መገመት አያቅታችሁም። ቻፕማን ግን አልጣለውም፤ ሉዊስ ከዚያ በኋላም ለዓመታት የአርሰናልን ጎል ጠበቀ።

ቡድኑ የተሟላው ክሊፍ ባስቲንና አሌክስ ጀምስ በ1929 ሲመጡ ነው። ያ አርሰናል የሚያጠቃው ከኋላ ጀምሮ ነበር። ሆን ብሎ ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ ተጋጣሚ በሙሉ ኃይሉ ይመጣበታል፣ ሮበርትስ ይመልሳል፣ ኳሷ ጀምስ ጋ ትደርሳለች። ጀምስ ቀና ብሎ አንድ ረጅም ኳስ ይልካል፤ በአንዱ ክንፍ ባስቲን፣ በሌላው ጆ ሂዩም ይሮጣሉ። ሁለቱ ክንፎች በ1932-33 ውድድር ዘመን በሊግ ብቻ 53 ጎል አገቡ። ተቃዋሚዎች ዕድለኛው አርሰናል ይሉት ነበር፤ ዘጠና ደቂቃ ሲያጠቁ ውለው በሦስት ኳስ ስለሚሸነፉ። ዛሬ መልሶ ማጥቃት ብለን የምናደንቀው ነገር ያኔ እንደ ሌብነት ታይቶ ነበር።

በ1930 የኤፍኤ ዋንጫ መጣ፣ ያውም በፍጻሜው የቀድሞ ክለቡን ሀደርስፊልድን 2 ለ 0 አሸንፎ። የ1930-31 ሰንጠረዥ ግን ከሁሉም በላይ ይገርመኛል። አርሰናል 127 ጎል አግብቶ ሻምፒዮን ሆነ። ሁለተኛ የወጣው አስቶን ቪላ 128 አግብቷል፣ አንድ ይበልጣል! ቪላ ግን 78 ገባበት፣ አርሰናል 59። በ7 ነጥብ ተበላለጡ። በዚያ የጎል ጎርፍ ዘመን ማግባት ሁሉም ችሎበት ነበር። ከሌላው የለየው አለመቀበል ነው።

አሁን ወደዚያ እመለስበታለሁ ወዳልኩት። ጥር 14 ቀን 1933 አርሰናል በኤፍኤ ዋንጫ ከሦስተኛ ዲቪዚዮኑ ዋልሳል ጋር ተጋጠመ። ቻፕማን በሕመምና በጉዳት የሳሳ ቡድን ነበረው፤ ልምድ የሌላቸውን ልጆች አሰለፈ። ግራ ተከላካይ ሆኖ የገባው ቶሚ ብላክ የሚባል ወጣት በንዴት ጥፋት ሠርቶ ፔናሊቲ አሰጠ። 2 ለ 0 ተሸነፉ። በዓለም ውዱ ቡድን በአንዲት ትንሽ ሜዳ ተዋረደ። ቻፕማን ምን አደረገ? ብላክን ወደ ሃይበሪ እንዳይመለስ ከለከለውና በቀናት ውስጥ ወደ ፕሊመዝ ሸጠው።

ይሄን ቦታ ስደርስ ስልኬን አስቀመጥኩት። ቡድኑን የመረጠው ማን ነው? ልምድ የሌለውን ልጅ በዚያ ጭቃና ጩኸት መሐል ያቆመው ማን ነው? በ7 ለ 0 ማግስት ክፍተቱን የፈለገው፣ የፍጻሜ ዋንጫ ያስበላውን በረኛ ያቆየው ሰውዬ፣ እዚህ ጋ ልክ እንደኛ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። አንዳንዶች ሥርዓት ለማስከበር ነው ይላሉ፤ እኔን አላሳመነኝም። ሽንፈት ያናድዳል፣ የተናደደ ሰው ደግሞ ሰው ይፈልጋል። ሊጉን ግን በዚያው ዓመት በላ።

አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1934 አዲስ ዓመት ሰሞን፣ ቻፕማን ጨዋታ ለማየት ወደ ሰሜን እንግሊዝ ሄደ፤ ቀጣይ ተጋጣሚውን ሼፊልድ ዌንስዴይንም አየ። ብርድ መቶት ተመለሰ። አርፎ አልተኛም፣ የክለቡን ሦስተኛ ቡድን ሊያይ ጊልድፎርድ ወረደ። ጉንፋኑ ወደ ሳምባ ምች ተቀየረና ጥር 6 ንጋት ላይ ሞተ። 55 ዓመቱ ነበር። በዚያኑ ቀን አርሰናል ከዌንስዴይ ጋር ተጫውቶ 1 ለ 1 ወጣ። ሊጉን በዚያ ዓመት በላ፣ በቀጣዩም።

አሰላለፉ ከእሱ በኋላ መላው እንግሊዝን ያዘ፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነበር። ቻፕማን ለአንድ ክፍተት መልስ ብሎ ያመጣውን ነገር ሌሎቹ ሳይጠይቁ እንደ ሕግ ወረሱት፤ አምስት ቁጥር ዘጠኝ ቁጥርን ይይዛል፣ አለቀ። ኅዳር 25 ቀን 1953 ሃንጋሪ ዌምብሌይ መጣች። ዘጠኝ ቁጥሩ ናንዶር ሂዴግኩቲ ወደፊት አልቆመም፣ ወደ አማካይ ወረደ። የእንግሊዙ አምስት ቁጥር ሃሪ ጆንስተን ቢከተለው ከኋላው ሜዳው ክፍት ነው፣ ቢቀር ሂዴግኩቲ ብቻውን ነው። መሐል ላይ ቀረ። የመጀመሪያዋ ጎል በአንደኛው ደቂቃ ገባች፤ ጨዋታው 6 ለ 3 ሲያልቅ ሂዴግኩቲ ሦስት አግብቶ ነበር። ጆንስተን ከዚያ ቀን በኋላ ለእንግሊዝ ተጫውቶ አያውቅም።