ሻምበል አበበ ቢቂላ እና የክንዶቹ ብርታት

ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃና ከቋራ ከመጣን ተማሪዎች መካከል፣ ኩንታል ሰሊጥ ሲጭን ወገቡን ተጎድቶ ወይም መኪና ተገልብጦበት አልጋ ላይ የቀረ ሰው የማያውቅ ጥቂት ነው። ቤተሰብም አዝኖለት እንዳይንቀሳቀስ ይከለክለዋል። በዚህ እትም የሻምበል አበበ ቢቂላን ሕይወት የመረጥነው ለዚህ ነው።

አበበ በ1924 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው ጃቶ መንደር ተወለደ። የክብር ዘበኛ ወታደር ሳለ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን አሸነፈ። በ1957 ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደገመው።

በመጋቢት 1961 አንድ ምሽት መኪናው ሸኖ አካባቢ ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። መጀመሪያ እጁም እግሩም አልታዘዝ አለው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል 8 ወር ሲታከም የእጆቹ ኃይል ተመለሰ፤ የእግሮቹ ግን አልተመለሰም።

በዚያ ሆስፒታል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርገውት ነበር። እንቅስቃሴ የሚመረጠው በጠፋው ሳይሆን በቀረው አቅምና ለነገ ኑሮ በሚያስፈልገው ነው። ቀስት መወጠር ትከሻን፣ ክንድንና ጀርባን ያጠነክራል፤ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ለመሻገር የሚያስፈልገውም ይኸው ጉልበት ነው። ከበድ ያለውን ጥቂት ጊዜ ማንሳት ጉልበትን ይጨምራል፤ ቀላሉን ደጋግሞ መሥራት ደግሞ ሳይደክሙ የመቆየት አቅምን ያዳብራል። ሁለቱም በልክ ተጀምረው ቀስ በቀስ ይጨመራሉ።

አበበ በ1962 በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ኖርዌይ ውስጥ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ ከዚህ ዓለም ተለየ። እግሮቹ ባይመለሱለትም፣ ከአደጋው በኋላ የኖራቸውን ዓመታት ተኝቶ አላሳለፋቸውም።

ሶብር ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም፤ ሰበብ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። ለእረፍት ወደ ቆላው ስንወርድ አልጋ ላይ የዋለ ዘመድ ካገኘን፣ ለወጌሻ እጅ ከመስጠታችን በፊት ጉዳቱን ሐኪም ይየው። ከዚያም የትኛው እንቅስቃሴ፣ በምን ያህል መጠን እንደሚስማማው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያሉ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን እንጠይቅለት። እቤት ውስጥም አብረነው እንሥራ፤ ብቻውን ከሆነ ይሰለቻል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው።