ዳግማዊ ምኒልክና የቦረና የውኃ ጉድጓድ

በተልተሌ ቆላ ከብት ለሚያረባ ሰው ሀብት ማለት ሣርና ውኃ ነው። ዛሬ ይህን መነሻ አድርገን የዳግማዊ ምኒልክን ሕይወት በጥቂቱ እናስታውሳለን።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ፤ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። በዚያው ዘመን የከብት እልቂት ወርዶ የሚያርስ በሬ በታጣ ጊዜ፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱንና ሕዝቡን ለሥራ ቀሰቀሱ። አዲስ አበባ ማገዶ ባጣችም ጊዜ ባሕር ዛፍ እንዲተከል አደረጉ።

ቦረና በ1889 ዓ.ም. ገደማ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘመቻ ግዛታቸው ሆነ። አገዛዙ የገባርነት ሸክም ማምጣቱን መሸሸግ አይገባንም። ነገር ግን ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. ስለ ደቡቡ ወሰን ከእንግሊዝ ጋር ሲዋዋሉ፥ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያሉ ነገዶች እንደ ቀድሞው በግጦሹ እንዲጠቀሙ፥ ከውኃ ጉድጓዶቹም ያለ ክልከላ እንዲቀዱ በውሉ ተጻፈ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። መንጋ በአንድ ስፍራ ከታጎረ ሣሩ ይጠፋል፥ አፈሩም ይራቆታል፤ ዝናሙን ተከትሎ ሲዘዋወር ግን የተጋጠው መሬት ያርፋል። ይህ ጥበብ የቦረናዎች የራሳቸው ነው፤ በየጉድጓዱ የማጠጫውን ተራ የሚያስከብረውም አባ ሄሬጋ ነው።

ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ዝናም ተከታትሎ በቀረባቸው ዓመታት የቦረና ከብት በብዛት ሲያልቅ፥ መንጋን የማዘዋወር ነጻነት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ሁላችንም አየን። ስለዚህ ለመሪ የሚበጀው ሕዝቡ ስለ መሬቱ የሚያውቀውን አክብሮ በሕግ መጠበቅ ነው እንላለን።